ጓዙን ባሕር የዋጠበት ምትሐተኛ

ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ የሚያውቅ ወጣት ሠራተኛ፣ ወይም የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ ብርድ ልብሱንና መጽሐፉን በአንድ ጠቅልሎ ወደ አገሩ የተመለሰ ተማሪ፣ የጓዝን ነገር ሳንነግረው ያውቀዋል። እኛም ትምህርታችንን ጨርሰን ሥራ የያዝን ሰሞን መጽሐፎቻችንን በአንድ ትልቅ የእንጨት ሣጥን ውስጥ አሽገን በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጫንናቸው። ሣጥኑ በደኅና ደረሰ፤ ነገር ግን ዝናቡ ከኛ ቀድሞ ገብቶበት ኖሮ፣ ካርታውና መዝገበ ቃላቱ ተጣብቀው አንድ መጽሐፍ ሆነው አገኘናቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ብዙ ጓዝ ይዞ አገር ላገር የሚዞር ሰው ታሪክ ባጋጠመን ቁጥር ቆም ብለን ማንበብ ልማዳችን ሆኗል።

ካነበብናቸውም ሁሉ እንደ አሜሪካዊው ምትሐተኛ እንደ ሐሪ ኬላር ጓዝ ያስቸገረው፣ ጓዝም ያስከበረው ሰው አላገኘንም። ምትሐት ስንል ጥንቆላ ማለታችን አይደለም። በመድረክ ላይ በእጅ ቅልጥፍና፣ በመስተዋት፣ በገመድና በልዩ ልዩ መሣሪያ የተመልካቹን ዓይን እያሳሳቱ ማስደነቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ባለሙያው ማታለሉን አይክድም፤ ተመልካቹም እንደሚታለል እያወቀ ገንዘቡን ከፍሎ ይገባል። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ነጋዴ ጓዙ ቢጠፋበት ሌላ ይገዛል፤ ዘፋኝ ጓዙ ቢጠፋበት ድምፁ ከሱ ጋር አለ። የምትሐተኛ ዕቃ ግን በገበያ አይገኝም። እያንዳንዱ ሣጥን፣ እያንዳንዱ ጠረጴዛ ምስጢር ያለበት ስለሆነ በልክ የተሠራ ነው። የሠራውም ሰው ምናልባት በሎንዶን ወይም በፓሪስ የሚኖር አንድ አናጢ ወይም ሰዓት ሠሪ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ከሣጥኖቹ አንዱ በመንገድ ቢሰበር ለዚያ ማታ የተሸጠው ቲኬት ሁሉ ተመላሽ ነው። ከዚህም ሌላ ዕቃው እንደ ሌላው ሰው ዕቃ በግልጥ ተፈትቶ እንዲታይ አይፈለግም፤ የወደብ ተሸካሚ ወይም የጉምሩክ ሹም ምስጢሩን አይቶ በከተማው ካወራው የትርዒቱ ዋጋ ወደቀ ማለት ነው። ኬላር ይህን ሁሉ ያወቀው በትምህርት ቤት አይደለም።

ሐሪ ኬላር በ1849 በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ግዛት ኢሪ በምትባል ከተማ ከጀርመን አገር ከመጡ ወላጆች ተወለደ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሃይንሪክ ኬለር ነበር። በልጅነቱ አደገኛ ጨዋታ የሚወድ፣ የሚመጣ ባቡር ፊት ቆሞ መጨረሻ የሚሸሸው ማን እንደሆነ ከጓደኞቹ ጋር የሚፎካከር ብላቴና ነበር። አንድ መድኃኒት ሻጭ ዘንድ ሙያ እንዲማር ገብቶ ሳለ የማይደባለቀውን ነገር ደባልቆ የሱቁን ወለል ቢያፈርሰው፣ ቅጣቱን ከመጠበቅ ይልቅ በባቡር ተሸሽጎ ከከተማው ጠፋ። ያን ጊዜ የያዘው ጓዝ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በኒው ዮርክ ግዛት የሚኖር አንድ ከእንግሊዝ አገር የመጣ ሰባኪ አግኝቶ አሳደገው፤ ሰባኪ ለመሆን ፈቃደኛ ከሆነም የትምህርቱን ወጪ እንደሚችልለት ተስፋ ሰጠው። ልጁ ግን የአቫ ፋኪር የሚል ስም አውጥቶ የሚዞር አንድ ምትሐተኛ ሲጫወት ባየ ጊዜ ልቡ ከስብከቱ ወጣ። የዚህ ምትሐተኛ እውነተኛ ስሙ አይዛያ ሂውዝ ሲሆን የእንግሊዝ አገር ተወላጅ ነበር። ፋኪሩ ረዳት እንደሚፈልግ በጋዜጣ ቢያሳውቅ ኬላር ወደ ቤቱ ሄደ። ኬላር በኋላ እንደተረከው፣ ከሱ በፊት ብዙ ልጆች መጥተው ኖሮ፣ የፋኪሩ ትንሽ ውሻ ግን ሁሉን ትጮህባቸው ነበርና ጅራቷን የቆላችለት ለሱ ብቻ ስለሆነ ተቀጠረ። ዛሬ ሥራ ለመቀጠር ሦስት ዓይነት ፈተና የሚቀመጡ ወጣቶች ይህን ሲሰሙ ቢቀኑ አንፈርድባቸውም።

በአሥራ ስድስት ዓመቱ ብቻውን ትርዒት ለማሳየት ቢሞክር ሕዝቡ ሳቀበት፤ አንገቱን ደፍቶ ወደ ፋኪሩ ተመለሰ። ፋኪሩ ያስተማረው እጅ ማቀላጠፍን ብቻ አልነበረም። የትኛው ዕቃ ከታች፣ የትኛው ከላይ እንደሚታሸግ፣ ባቡሩ ሊነሣ ሲል ሣጥን እንዴት እንደሚቆጠር፣ ይህን የመሰለውን ትንሽ የሚመስል ሥራ ሁሉ የሚሠራው ረዳቱ ነው። የምትሐተኛ ረዳት ሕይወት ከመድረኩ ይልቅ በባቡር ጣቢያው ይበዛል።

በ1869 ኬላር ከዴቨንፖርት ወንድማማች ጋር ሥራ ያዘ። እነዚህ የቡፋሎ ከተማ ተወላጆች ኢራና ዊልያም ዴቨንፖርት በዘመኑ በአሜሪካና በአውሮፓ ስማቸው የታወቀ ነበር። ቁም ሣጥን በመሰለ ትልቅ ሣጥን ውስጥ እጅና እግራቸው በገመድ ታሥሮ ይዘጋባቸዋል፤ ወዲያው በውስጥ ደወል ይደወላል፤ ክራር መሰል መሣሪያ ይመታል፤ ሲከፈት ግን እንደታሠሩ ይገኛሉ። ብዙ ሰው የሙታን መንፈስ ሥራ ነው ብሎ ያምን ነበር። ኬላር ከረዳትነት አልፎ የጉዞአቸው ኃላፊ ሆነ። ኃላፊ ማለት ከቡድኑ ቀድሞ ከከተማ ከተማ እየሄደ አዳራሽ የሚከራይ፣ የግድግዳ ማስታወቂያ የሚያስለጥፍ፣ የባቡር ዋጋ የሚከራከር፣ የመድረኩን በር ስፋት የሚለካ ሰው ነው። የመጨረሻው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ቁም ሣጥኑ በበሩ የማይገባ ከሆነ በዚያ ከተማ መንፈሶቹ አይመጡም።

በነዚያ ዓመታት ኬላር ከሁሉ የበለጠውን ነገር ተማረ፤ ይኸውም ከገመድ መፈታትን ነው። የታሠረ መስሎ እጁን በፈለገው ጊዜ የሚያወጣበትን፣ መልሶም የሚያስገባበትን ጥበብ ካወቀ በኋላ በስሙ የሚጠራ የአስተሳሰር ዘዴ እስኪኖረው ድረስ አሻሻለው። አንባቢያችን ይህን ነገር ልብ ይበልልን። ገመድ በዓለም ላይ ባለ ገበያ ሁሉ ይሸጣል። ቁም ሣጥኑንም ማንኛውም አናጢ ሊሠራው ይችላል። ምስጢሩ ያለው በሰውዬው አንጓ ውስጥ ስለሆነ ጉምሩክ አይፈትሸውም፤ ባሕርም አይወስደውም።

በ1873 ከዊልያም ዴቨንፖርት ጋር ተቃቃሩ። ዊልያም እንደ አሽከር ይቆጥረው ነበርና ኬላር ይህን ሊሸከም አልቻለም። ከዴቨንፖርቶች ጋር ይሠራ የነበረውን ዊልያም ፌይን ይዞ ወጣ፤ ሁለቱም በኩባና በሜክሲኮ አድርገው ወደ ደቡብ አሜሪካ ወረዱ። ከቬራክሩዝ ወደብ እስከ ሜክሲኮ ከተማ የሚደርሰው የባቡር መንገድ የተከፈተው በዚያው በ1873 መጀመሪያ ነበር። ባቡር ወዳልደረሰበት ሁሉ ዕቃ የሚሄደው በበቅሎና በሠረገላ ነው። ሠረገላ ላይ ለሚጫን ሣጥን አሠራሩ ራሱ ይለወጣል። ትልቅ ሣጥን ከመሥራት አንድ በቅሎ በሁለት ጎኗ የምትችለው ተመጣጣኝ ሁለት ሣጥን መሥራት ይሻላል። ይህንስ ለኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ አጋሰስ የጫነ አባት ያለው ሁሉ ያውቀዋል። በሜክሲኮ ብቻ 10,000 ዶላር ያህል እንዳገኙ ይነገራል፤ ለዘመኑ እጅግ ትልቅ ሀብት ነው። ገንዘቡ በበዛ ቁጥር ዕቃው በዛ፤ ዕቃው በበዛ ቁጥር ሣጥኑ ከበደ። በ1875 በሪዮ ዴ ጃኔሮ በብራዚል ንጉሠ ነገሥት በዳግማዊ ዶን ፔድሮ ፊት ተጫውተው ጉዞአቸው በክብር ተፈጸመ።

ከዚያ ወደ እንግሊዝ አገር ለመሄድ ቦይን በምትባል የፖስታ መርከብ ተሳፈሩ። ኬላር በዚያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ማለት ይህን ከሚያነቡት ከብዙዎቹ ጋር እኩያ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ የሰበሰበው ዕቃ፣ ልብሱ፣ በየአገሩ ገንዘብ ያጠራቀመው ሁሉ በመርከቡ ሆድ ውስጥ ነበር። መርከቧም ወደ ፈረንሳይ ጠረፍ፣ ወደ ቢስኬ ባሕረ ሰላጤ በደረሰች ጊዜ ተሰበረችና ሰጠመች።

ኬላር ነፍሱን አተረፈ። ከነፍሱ ሌላ ያተረፈው በገላው ላይ የነበረውን ልብስና በጣቱ ላይ የነበረውን አንድ የአልማዝ ቀለበት ብቻ ነው። በዚህም አላበቃም። በባሕሩ የጠፋው ዕቃ እንጂ ዋናው ሀብቱ በኒው ዮርክ ባንክ ውስጥ ስለነበረ በዚያ ተጽናንቶ ሳለ፣ ገንዘቡን ያስቀመጠበት ባንክ እንደከሰረ የሚያስታውቅ ቴሌግራም ደረሰው። ባንኩ በዘመኑ ታላቅ ስም የነበረው ዳንከን ሸርማን የሚባለው ነው፤ በ1875 መክሰሩም ብዙ ሰው ያስለቀሰ ታሪክ ነው። ስለዚህ ዕቃውን ባሕር፣ ገንዘቡን ባንክ በአንድ ወራት ውስጥ ወሰዱበት። ፌይም ተስፋ ቆርጦ ወደ ዴቨንፖርቶች ተመለሰ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት እንፈልጋለን። ይህን የመሰለ ነገር የደረሰበት ሰው ወደ እናቱ ቤት ቢመለስ ማንም አይፈርድበትም። ኬላር ግን ቀለበቱን ሸጠና ወደ ሎንዶን ሄደ። በሎንዶን ጆን ኔቪል ማስክሊንና ኩክ የሚባሉት ሁለት ምትሐተኞች የግብጽ አዳራሽ በሚባል ቤት የራሳቸውን ቋሚ ትርዒት ያሳዩ ነበር። ኬላር ገብቶ አየና ቀና። የቀናውም በጥበባቸው ብቻ ሳይሆን፣ ዕቃቸውን ከዚያ ቤት የማያነቃንቁ በመሆናቸው ነው። ዛሬ ማታ የተተከለው ነገ ማታም እዚያው አለ፤ ሣጥን የለም፤ መርከብ የለም፤ ጉምሩክ የለም። ይህ ምኞት ሕይወቱን ሙሉ አልተለየውም።

ከዚያም ከቀረችው ገንዘብ አብዛኛውን አውጥቶ አንድ ዕቃ ገዛ። ቡአቲዬ ደ ኮልታ የሚባል ፈረንሳዊ ምትሐተኛ በዚያ ሰሞን ያወጣው የወፍ ጎጆ ነበር። ምትሐተኛው በሁለት እጁ መካከል ይዞት ሳለ፣ ጎጆው ከነወፉ በቅጽበት ይጠፋል። እንዴት እንደሚጠፋ ለባለሙያዎቹ እንተወው። ለኛ የሚደንቀን ሌላ ነገር ነው። የመርከብ ሙሉ ጓዝ የጠፋበት ሰው እንደገና ሲጀምር መጀመሪያ የገዛው በእጅ ቦርሳ የሚገባ፣ በሰውየው ገላ ላይ የሚሄድ፣ ተሸካሚ የማይፈልግ ነገር መሆኑ ነው። አስቦበት ያደረገው ይሁን ወይም ገንዘቡ የፈቀደለት ያን ብቻ ይሁን፣ ውጤቱ አንድ ነው። ገመዱ በእጁ፣ ጎጆው በቦርሳው ሆኖ እንደገና ምትሐተኛ ሆነ።

ወደ አሜሪካ መመለሻ ግን አልነበረውም። የሚገርም ነው፤ ያዳነው ከብራዚል በሌላ ባንክ በኩል ያስተላለፈው 3,500 ዶላር ያህል ነበር። ይህ ገንዘብ ገና ስላልተከፈለ ከከሰረው ባንክ ጋር አልጠፋም። ይህን ተስፋ አድርጎ በሎንዶን ወደሚኖረው ወደ ታላቁ የባንክ ሰው ወደ ጁኒየስ ስፔንሰር ሞርገን ቀርቦ 500 ዶላር ተበደረና ተሻገረ። ገንዘብ ያለው ሰው በአንድ ኪስ አያድርገው እያሉ ሽማግሌዎች የሚመክሩን ምክር ለኬላር በባሕር ላይ ደረሰው።

አሜሪካ ተመልሶ ሌላ ቡድን አቋቋመ። ሊንግ ሉክና ያማዴቫ የሚል የመድረክ ስም ያላቸውን ሁለት ወንድማማች ይዞ ወደ አውስትራሊያና ወደ እስያ ተጓዘ። በዚሁ ወራት ሮበርት ሄለር የሚባል የታወቀ ምትሐተኛ ስለነበረ፣ ስሙን ሊሰርቅ ነው እንዳይባል ኬለር የነበረውን አጻጻፍ ኬላር አሰኘው። እንዲህም ሆኖ ከሐሜቱ ፈጽሞ አልዳነም። ሁለቱ ወንድማማች በዚያው በሩቅ ምሥራቅ ጉዞ በቻይና በኩል ሞቱበት። እንግዲህ አንድ ጊዜ ዕቃውን፣ አንድ ጊዜ ጓደኞቹን በመንገድ ላይ ያጣ ሰው ነው።

ኬላር በነዚያ ዓመታት የረገጠው አገር ቢቆጠር ብዙ ነው፤ አውስትራሊያ፣ ጃቫ፣ ቻይና፣ ህንድ፣ ደቡብ አፍሪካ። ጉዞውንም ራሱ በ1886 በታተመ መጽሐፍ ተርኮታል። ለምትሐት ዕቃ ከወንበዴ ይልቅ የሚከፋው አየሩ ነው። በሞቃትና ርጥበት ባለበት አገር ሙጫ ይላቀቃል፤ እንጨት ያብጥና በፀጥታ ይከፈት የነበረው ምስጢራዊ በር ይነክሳል፤ ቀጭኑ ሽቦ ይዝጋል፤ ሐሩ ይሻግታል። ስለዚህ በርቀት የሚጓዝ ምትሐተኛ ሣጥኑን በሙጫ ብቻ አያሠራም፤ በብሎን ያስጠብቃል። መስተዋቱን አጋድሞ ሳይሆን አቁሞ ያሽጋል፤ ምክንያቱም የተጋደመ መስተዋት ሣጥኑ በተንገጫገጨ ቁጥር መሐሉ ይጎብጥና ይሰበራል። የመሥሪያ መሣሪያዎቹን፣ መዶሻና ጉጠቱን፣ መጨረሻ የሚጫነው ሣጥን ውስጥ ያደርጋል፤ መጨረሻ የተጫነ መጀመሪያ ይወርዳልና። በሣጥኑ ላይም ቁጥር እንጂ በውስጡ ያለውን ዕቃ ስም አይጽፍም። ከምስጢራዊው ክፍል ደግሞ ትንሹ ነገር፣ አንዲት ሞላ ወይም አንዲት መንጠቆ፣ ሁለት ሁለት ሆኖ ይያዛል፤ አንዱ በሣጥን፣ አንዱ በኪስ።

የባቡሩም ነገር እንዲሁ ነው። በአውስትራሊያ የየግዛቱ የሐዲድ ስፋት አንድ አልነበረም። በ1883 የቪክቶሪያና የኒው ሳውዝ ዌልስ ሐዲድ አልበሪ በምትባል ጣቢያ ሲገናኝ እንኳ ስፋታቸው ስለሚለያይ መንገደኛውም ዕቃውም ከአንዱ ባቡር ወርዶ በሌላው መሳፈር ነበረበት። የማውረድና የመጫን ቁጥር በጨመረ መጠን የሚሰበረው ዕቃ ይጨምራል። ስለ ጉምሩኩ ደግሞ፣ ለትርዒት የገባ ዕቃ ተመልሶ የሚወጣ መሆኑን በአንድ ደብተር ብቻ አረጋግጦ ቀረጥ ሳይከፍሉ የሚያልፉበት፣ ካርኔ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት በብራስልስ የተደረገው በ1961 ነው፤ ኬላር ከሞተ ወደ አርባ ዓመት ገደማ በኋላ። በሱ ዘመን ሁሉም በየወደቡ በሚደረግ ክርክር ነበር።

ጉዞ የሰለቸው ሰው የመጀመሪያ ምኞቱን አልረሳም። በ1884 መጨረሻ በፊላደልፊያ ከተማ አንድ አዳራሽ ተከራይቶ እንደ ሎንዶኑ የግብጽ አዳራሽ ብሎ ሰየመው። ዕቃውንም ከሣጥን አወጣ። በዚህ ከተማ ሳለ ነው፣ የሙታን መንፈስ ጠሪዎችን ነገር እንዲመረምር በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው ኮሚሲዮን ፊት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያለ እጅ የተጻፈ የሚመስል ጽሑፍ ሠርቶ በማሳየት መምህራኑን ያስደነቃቸው። ከዴቨንፖርቶች ቤት የወጣው ሰው መንፈስ አለመኖሩን ለመምህራን መሰከረ ማለት ነው። ነገር ግን በ1885 ትርዒቱ ተዘጋና እንደገና ወደ መንገድ ወጣ፤ ሕንፃውም ብዙ ሳይቆይ በእሳት ጋየ። በ1891 ሁለተኛ ጊዜ ሞከረ፤ ሰባት ወር ያህል ቆየና ዘጋው። በአሜሪካ ያን ጊዜ ለአንድ ምትሐተኛ ዓመቱን ሙሉ ተመልካች የሚያመጣለት ከተማ አልነበረም፤ ተመልካቹ ወደሱ ካልመጣ እሱ ወደ ተመልካቹ መሄድ ግዴታው ነው።

ከዚህ በኋላ የሕይወቱ ታሪክ የባቡር ታሪክ ነው። በሜልበርን ከተዋወቃት ከኢቫ ሜድሊ ጋር በ1887 ተጋብተው ነበር። ኢቫ የሙዚቃ ችሎታ የነበራት ከመሆኗም በላይ በመድረኩም በጓዙም ረዳቱ ሆነች። ተፎካካሪው አሌክሳንደር ኸርማን የግል የባቡር ፉርጎ እስከ መግዛት ደርሶ በ1896 በዚያው በፉርጎው ውስጥ እየተጓዘ ሞተ። ኸርማን በእጁ ቅልጥፍናና በጨዋታው የተወደደ ነበር። ኬላር ግን እጁ እንደ ኸርማን ፈጣን አልነበረም፤ የሱ ኃይል በመሣሪያው ትክክለኛነት፣ በልምምድና ተመልካቹን ወዲያ እያሳየ ወዲህ በመሥራት ነው። ስለዚህ ዕቃው ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ሊጠነቀቅለት ይገባ ነበር፤ አንድ ነገር በሥራ ላይ ሲበላሽበት ቁጣው ከባድ እንደነበረ፣ አንድ ጊዜም እምቢ ያለውን ቁም ሣጥን በመጥረቢያ ፈልጦታል ተብሎ ይወራል።

የዚህ ሁሉ ከፍተኛው ሥራ ካርናክ የምትባለው ልዕልት በአየር ላይ የምትንሳፈፍበት ትርዒት ነው። ይህን ነገር መጀመሪያ በ1901 በሎንዶን ያሳየው ማስክሊን ነው። ኬላር ደጋግሞ ሄዶ አየው፤ አሠራሩንም ለማወቅ ያላደረገው ነገር የለም። የማስክሊን ጓደኛ የነበረው ፖል ቫላዶን ወደ አሜሪካ መጥቶ ከኬላር ጋር መሥራቱም ከዚሁ ጋር ተያይዞ ይነሣል። የሰው ሥራ መውሰዱን እኛ አናመሰግንለትም፤ በሙያው ውስጥም እስካሁን የሚያሳማው ነገር ነው። ነገር ግን የራሱ የሆነ አንድ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። የማስክሊን መሣሪያ በአንድ ቤት ውስጥ ለዘለቄታው የተተከለ ነበር። ኬላር ያንኑ በየከተማው፣ ወለሉ፣ ጣሪያው፣ ቁመቱ ልዩ ልዩ በሆነ መድረክ ላይ ጠዋት ተተክሎ፣ ማታ ታይቶ፣ ሌሊቱን ተነቅሎና በሣጥን ታሽጎ ባቡር እንዲሳፈር አድርጎ አሠራው። ለሎንዶኑ ሰው አንድ ጊዜ በትክክል መለካት ይበቃው ነበር። ኬላር ግን በየዕለቱ እንደገና መለካት፣ እያንዳንዱን ክር እንደገና መወጠር፣ ብርሃኑን እንደገና ማስተካከል ነበረበት። በየጣቢያው ሣጥን የሚወረውሩት ተሸካሚዎች የያዙት የልዕልቲቱን ሕይወት መሆኑን አያውቁም።

እንዲህ ያለውን ነገር በማሰብ ነው፣ በየግድግዳው ይለጠፍ የነበረውን የኬላርን ሥዕል ስናይ ፈገግ የምንለው። በሥዕሉ ላይ ትናንሽ ቀያይ ሰይጣኖች በጆሮው ምስጢር ሲያንሾካሹኩለት ይታያል። ያንሾካሾኩለት ቢኖሩ ምናልባት የባቡሩን ሰዓት ይሆናል።

በግንቦት ወር 1908 በባልቲሞር ከተማ በፎርድ ቲያትር መድረክ ላይ ሥራውን ተወ። ተተኪው ቫላዶን ይሆናል ተብሎ ሲጠበቅ የመረጠው ሐዋርድ ቴርስተን የተባለውን ነው። ቴርስተን ከጥቂት ዓመት በፊት ህንድንና አውስትራሊያን ጓዙን ይዞ የዞረ ሰው ነበር። ኬላር በተመልካቹ ፊት ቴርስተንን አስመርቆ ትርዒቱን ከነሣጥኑ አስረከበው። የቴርስተን ጓዝ ከጊዜ በኋላ ስምንት የባቡር ፉርጎ እስኪሞላ ድረስ አድጓል።

ኬላርና ኢቫ ሎስ አንጀለስ ገቡ። በዕድሜው ሙሉ የተመኘው፣ ሣጥን ሳያሽጉ ማደር፣ በመጨረሻ ተገኘ፤ ሆኖም ኢቫ በ1910 ሞተችበት። ከጡረታው በኋላ ወጣት ምትሐተኞች እየመጡ ይጠይቁት ነበር፤ ከነሱም አብልጦ የቀረበው ሐሪ ሁዲኒ ነው። በኬላር ሣጥኖች ውስጥ በዓለም ብዙ የዞረ አንድ ሳይኮ የሚባል ተቀማጭ አሻንጉሊት ነበር። በመስተዋት ቱቦ ላይ ከተቀመጠ ትንሽ ሣጥን ላይ ሆኖ ካርታ የሚጫወት፣ ሒሳብ የሚሠራ፣ ከማስክሊን ፈጠራ የተቀዳ ነው። ኬላር ይህን አሻንጉሊት ለሁዲኒ ሰጠው።

በ1917 የአሜሪካ ወታደሮችን ያመላለሰች አንቲልስ የምትባል መርከብ በጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ በሰጠመች ጊዜ፣ የሟቾቹን ቤተሰቦች ለመርዳት ሁዲኒ በኒው ዮርክ ሂፖድሮም አንድ ትርዒት አዘጋጀና አሮጌውን ሰው ለመጨረሻ ጊዜ ወደ መድረክ ጠራው። ኬላር ስለ ሰጠመች መርከብ ሲጠራ እንዴት እምቢ ይላል? ቀኑ ኖቬምበር 11 ነበር። ሥራውን ፈጽሞ ሊወጣ ሲል ሁዲኒ አስቆመው፤ እንዲህ ያለ ሰው በእግሩ ሄዶ ከመድረክ አይወርድም ብሎ በሸክም ወንበር አስቀመጡት። ብዙ ሺህ ሕዝብ ተነሥቶ እየዘመረለት፣ ዕድሜ ልኩን ጓዝ ሲያሸክም የኖረው ሰው ራሱ በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ በቀስታ ከመድረኩ ወጣ።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ከጥቂት ወር ኖሮ፣ ማርች 10 ቀን 1922 በሎስ አንጀለስ አረፈ፤ የተቀበረውም በዚያው ከተማ ነው።